የምስጋናው ዕዳ የማን ነው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፣ ከትንሣኤ በዓል በኋላ ባወጣችሁት እትም፣ በአንባቢያን አስተያየት ዓምድ ላይ ያነበብሁት ደብዳቤ ይህን ጽሑፍ እንድልክላችሁ አስገድዶኛል። የደብዳቤው ጸሐፊ በከተማችን ዳርቻ ባሉ ሰፈሮች ለበዓሉ በተደረገው ማዕድ ማጋራት ዱቄትና ዘይት የወሰዱ ተፈናቃዮችና የቀን ሠራተኞች ምስጋና ቢስ መሆናቸውን በምሬት ገልጸው፣ «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚለውን ተረት ከጠቀሱ በኋላ፣ ለሐሳባቸው ማስረጃ ያደረጉት በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 የተጻፈውን የአሥሩን ለምጻሞች ታሪክ ነው። ቅሬታቸው ከክፋት የመጣ እንዳልሆነ አምናለሁ፤ ከጉድለቱ ቀንሶ የሚሰጥ ሰው ፊት ሲነሡት እንደሚከፋው በሰበካ ጉባኤ ባገለገልሁበት ዘመን ተመልክቻለሁ። ይሁን እንጂ የጠቀሱት ምንባብ የሚወቅሰው እሳቸው የወቀሷቸውን ሰዎች አይደለም።

ታሪኩ የሚጀምረው ጌታችን ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጣ በሰማርያና በገሊላ መካከል በሚያልፍበት ጊዜ ነው። አሥሩ ሰዎች የቆሙት በሩቅ ነበር፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 እንደተደነገገው፣ ለምጽ የወጣበት ሰው ልብሱን ቀድዶ፣ «ርኩስ፣ ርኩስ» እያለ እየጮኸ፣ ከሰፈር ውጭ ይቀመጥ ነበርና። «ማረን» ብለው በጮኹ ጊዜ ሄደው ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ ታዘዙ፤ በመንገድ ሳሉም ነጹ። በስብከት ብዙ ጊዜ የሚታለፈው፣ ዘጠኙ አንዳች ትእዛዝ አለመጣሳቸው ነው። ወደ ካህናት ሂዱ ተባሉ፣ ሄዱ፤ ካህኑ መርምሮ ንጹሕ መሆኑን ሳይመሰክርለት ደግሞ ማንም ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ ሊመለስ አይችልም ነበር። ሕግ አክባሪዎች ነበሩ፤ የጎደላቸው ሌላ ነገር ነው።

የተመለሰው ሳምራዊ ነበር። ሳምራውያን በአይሁድ ዘንድ እንዴት ይታዩ እንደነበር ለመረዳት መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 17ን ማንበብ ይበቃል። የአሦር ንጉሥ የሰሜኑን የእስራኤልን መንግሥት አፍርሶ ሕዝቡን ካፈለሰ በኋላ፣ ከባቢሎን፣ ከኩታ፣ ከሐማትና ከሌሎችም ከተሞች ሰዎች አምጥቶ በሰማርያ አሰፈረ። ስለዚህ ይህ ሰው በአገሬው ዓይን የሰፋሪ ዘር፣ መጤ ነው። ከዘጠኙ ጋር አብሮ ይለምን የነበረው ደዌው ሁሉንም እኩል ከሰፈር ስላስወጣቸው ሲሆን፣ ከነጹ በኋላ ግን ዘጠኙ የሚገቡበት አገርና የሚቀበላቸው ካህን አላቸው፤ እርሱ በኢየሩሳሌም መቅደስ ስፍራ የለውም። እንግዲህ «አሥሩ አልነጹምን? ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» የሚለው ጥያቄ የተጠየቀው ስለ ባለ አገሮቹ ነው፤ እግዚአብሔርን ሊያከብር የተመለሰው ደግሞ ጌታችን ራሱ «ልዩ ወገን» ያለው ሰው ብቻ ነው። የደብዳቤው ጸሐፊ መጤውን ከዘጠኙ ጋር ደምረው፣ ባለ አገሮቹን በጌታ ወንበር አስቀምጠዋል። ከዚህም በላይ፣ ምሕረቱ የተሰጠው ምስጋናው ከመምጣቱ አስቀድሞ ነው፤ ዘጠኙ ባለመመለሳቸውም ለምጻቸው አልተመለሰባቸውም።

የሉቃስን ወንጌል በቅደም ተከተሉ ያነበበ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያስተውላል። በምዕራፍ 9 አንድ የሳምራውያን መንደር ጌታችንን አላስተናግድም ብሎ በሩን ዘግቶበታል፤ ያዕቆብና ዮሐንስም እሳት ከሰማይ ወርዶ እንዲበላቸው ሊያዝዙ ፈቃድ ጠይቀው ተገሥጸዋል። በሚቀጥለው ምዕራፍ፣ በኢያሪኮ መንገድ የቆሰለውን ሰው አንሥቶ ለእንግዶች ማደሪያ ጠባቂ ሁለት ዲናር የከፈለው ሳምራዊ በምሳሌ ቀረበ፤ በምዕራፍ 17 ሳምራዊው ለምጻም ነጻ። መንደሩ ስላሳየው ክፉ አቀባበል ያ ሕዝብ ከመዝገብ አልተፋቀም።

ምስጋናን ከስጦታና ከገንዘብ ጋር አያይዞ የሚያሳየን ግን የንዕማን ታሪክ ነውና በእርሱ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። ንዕማን የሶርያ ንጉሥ የሠራዊት አለቃ፣ ነገር ግን ለምጻም ነበር፤ በቤቱ የምታገለግለው ብላቴና ደግሞ ከእስራኤል ተማርካ የመጣች ናት። በሰማርያ ነቢይ እንዳለ የተናገረችው እርሷ ናት፤ የማረኳት ሰዎች አለቃ እንዲድን መመኘቷ ለብቻው የአንድ እሑድ ስብከት ይወጣዋል። ሰውየው 10 መክሊት ብር፣ 6,000 ሰቅል ወርቅና 10 መለወጫ ልብስ ይዞ መጣ፤ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ታጠብ ቢባል የደማስቆ ወንዞች ይሻላሉ ብሎ ተቆጣ፤ በኋላ አገልጋዮቹ መክረውት ወረደና ነጻ። ይህም ሰው ልክ እንደ ሳምራዊው ተመለሰ። በኤልሳዕ ፊት ቆሞ ከእስራኤል አምላክ በቀር በምድር ሁሉ አምላክ እንደሌለ መሰከረ፣ እጅ መንሻም እንዲቀበለው ለመነ። ነቢዩ በሕያው እግዚአብሔር ምሎ አልቀበልም አለ፤ ግድ ቢለውም እንቢ አለ።

የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ ግን ጌታው ሶርያዊውን በነጻ መልቀቁ አንገበገበው። ከሠረገላው ኋላ ሮጦ፣ ከኤፍሬም ተራራ ሁለት ጎልማሶች የነቢያት ልጆች መጥተዋል የሚል ታሪክ ፈጥሮ፣ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት ልብስ ተቀበለ። ለችግረኞች ስም የተለመነ ገንዘብ መሆኑን ልብ ይሏል። ፍርዱም የንዕማን ለምጽ በግያዝና በዘሩ ላይ እንዲጣበቅ ሆነ፤ ደዌው ከውጭው ሰው ላይ ተነሥቶ በነቢዩ ቤት ባገለገለው ላይ አረፈ። በእኔ አስተያየት የዚህ ሰው በደል ውሸትና ስግብግብነት ብቻ አይደለም፤ እግዚአብሔር በነጻ ለሰጠው ምሕረት ከባዕዱ ሰው ዋጋ ማስከፈሉም ነው። ዛሬ ሠረገላ ተከትሎ የሚሮጥ የለም፤ የዱቄት ከረጢት አስይዞ ካሜራ ፊት አቁሞ «ቤተ ክርስቲያናችንን እናመሰግናለን» የሚያሰኝ ግን አለ። በእኛ አካባቢ ባለ አንድ አጥቢያ፣ ለበዓል በተሠራ መድረክ ላይ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ድምፅ ማጉያ ተሰጥቷት መናገር አቅቷት ስታለቅስ፣ ሕዝቡ ልቅሶዋን የደስታ መስሎት ሲያጨበጭብ ቆሜ አይቻለሁ።

ጌታችን በናዝሬት ምኩራብ ያስነሣው ቁጣም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የኢሳይያስን መጽሐፍ አንብቦ በተናገረው የጸጋ ቃል ሁሉም ተደነቁ። ጥቂት ቆይቶ ግን በኤልያስ ዘመን፣ ሰማይ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር በተዘጋበት ራብ፣ በእስራኤል ብዙ መበለቶች ሳሉ ነቢዩ የተላከው በሲዶና ምድር ወደምትገኝ የሰራፕታ መበለት እንደሆነ፣ በኤልሳዕ ዘመንም ከነበሩት ለምጻሞች የነጻው ሶርያዊው ንዕማን ብቻ እንደሆነ አስታወሳቸው። ከተማቸው ከተሠራበት ኮረብታ አፋፍ ሊጥሉት ያወጡት በዚህ ምክንያት ነው። የነገራቸው አዲስ ትምህርት አልነበረም፤ በራሳቸው መጽሐፍ የተጻፈ፣ ከልጅነታቸው የሰሙት ታሪክ ነው።

የሰራፕታዋን መበለት ታሪክ በበዓል ሰሞን ያነበበ ሰው ሊያመልጠው የማይገባ ነገር አለ። በእኛ ማዕድ ማጋራት የሚታደለው ዱቄትና ዘይት ነው፤ በዚያች ሴት ቤት የነበረውም በማድጋ ውስጥ አንድ እፍኝ ዱቄት፣ በማሰሮ ውስጥም ጥቂት ዘይት ነበር። እንጨት ለቅማ፣ ከልጇ ጋር ጋግራ በልታ ሞትን ልትጠብቅ ነበር። የለመነው ግን የእግዚአብሔር ነቢይ ነው፤ የሰጠችው አረማዊቷ ናት፤ አገሯም እስራኤልን ወደ በኣል አምልኮ የሳበችው የኤልዛቤል የትውልድ አገር ሲዶና ነው። ኤልያስ በዚያ ቤት ብዙ ቀን በላ። የዕርዳታ ዝርዝር ሲዘጋጅ ሁልጊዜ ራሳችንን ከሰጪው ወገን የምንጽፍ ሰዎች፣ ከታላላቆቹ ነቢያት አንዱ በባዕድ መበለት እፍኝ ዱቄት ዘመነ ራብን እንዳሳለፈ ብናስታውስ፣ ከሰው የምንጠብቀው ምስጋና መጠኑ ይቀንስ ነበር።

«በእስራኤል እንኳ እንዲህ ያለ ትልቅ እምነት» አላገኘሁም የተባለለት የመቶ አለቃ የሮም ወታደር እንደነበረ፣ ከጌቶች ማዕድ ስለሚወድቀው ፍርፋሪ ተከራክራ ልጇን ያስፈወሰችውም ከነናዊት እንደነበረች ሁሉም ያውቀዋልና አላስረዝመውም።

ስለ ዮናስ ግን ልናገር። ከዐቢይ ጾም አስቀድመን ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ የነነዌን ጾም እንጾማለን፤ የነነዌን ሰዎች ንስሐም እናደንቃለን። ዮናስ በዓሣው ሆድ ውስጥ ሳለ ያቀረበው ጸሎት የምስጋና ጸሎት ነው፤ በምስጋና ቃል እንደሚሠዋ፣ ስእለቱንም እንደሚከፍል ይናገራል። በየአጥቢያችን በዓመታዊ ክብረ በዓል ላይ ጥላና መጋረጃ ይዘን «ስእለቴ ሰምሮልኛል» እያልን እልል የምንለውን ሰዎች ይመስላል፤ ይህን ስል ስእለትን ለማቃለል አይደለም፣ እኔም ስእለት የማገባ ሰው ነኝ። ነገር ግን ይኸው አመስጋኝ ሰው፣ ያዳነው ምሕረት ወደ ነነዌ ሲደርስ ሞትን እስኪለምን ተቆጣ፤ ወደ ተርሴስ የሸሸበትንም ምክንያት ሲናገር፣ አንተ ቸርና መሐሪ፣ ለቁጣ የዘገየህ መሆንህን ስለማውቅ ነው አለ። ለራሱ በጥላዋ ደስ የተሰኘባት ቅል ስትደርቅ አዘነ፤ ቀኛቸውንና ግራቸውን ለማይለዩ ከ120 ሺህ ለሚበልጡ ሰዎች ግን አላዘነም። መጽሐፉ በእግዚአብሔር ጥያቄ ያልቃል፤ የዮናስ መልስ አልተጻፈም። ስለ ራሱ መዳን አመስጋኝ ሆኖ ስለ ሌላው መዳን መቆጣት እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ምስጋና እንዴት መቅረብ እንዳለበት ሥርዓቱን የሚሰጠን ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 26 ነው። ገበሬው የምድሩን በኵራት በዕንቅብ አድርጎ ለካህኑ ያቀርባል፤ በመሠዊያው ፊትም ስለ መከሩ ብቻ አይናገርም፤ አባቱ ከአገር አገር የሚንከራተት እንደነበረ፣ በጥቂት ሰው ወደ ግብፅ ወርዶ በዚያ በእንግድነት እንደተቀመጠ፣ ግብፃውያን እንዳስጨነቁት፣ እግዚአብሔርም ጩኸቱን ሰምቶ እንዳወጣው ይናዘዛል። የሚያመሰግን ሰው አስቀድሞ ስደተኛ እንደነበረ በአፉ እንዲመሰክር ይገደዳል ማለት ነው። ከዚያም በተሰጠው በጎ ነገር ሁሉ እርሱ፣ ሌዋዊውና በመካከሉ ያለው መጻተኛ አብረው ደስ እንዲላቸው ታዝዟል። መጻተኛው እዚህ ላይ አመስግን አልተባለም፤ ከአመስጋኙ ጋር ተቀምጦ ደስ እንዲለው ነው የታዘዘው። በሦስተኛው ዓመት የሚወጣው ዐሥራትም ለሌዋዊው፣ ለመጻተኛው፣ ለድሀ አደጉና ለመበለቲቱ ሲሆን፣ መጻተኛው ከወላጅ አልባውና ከመበለቲቱ ቀድሞ ተጠርቷል።

በዚሁ መጽሐፍ ምዕራፍ 23 ሞዓባዊ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ሞዓባውያን እስራኤል ከግብፅ ሲወጣ እንጀራና ውኃ ይዘው ስላልተቀበሉት ነው። ምስጋና ቢስነትን፣ ንፉግነትንም የሚቆጥር ሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያገኝም። ሆኖም ሞዓባዊቷ ሩት በቤተ ልሔም ከአጫጆች ኋላ ስትቃርም፣ ቦዔዝ ከማዕዱ አቅርቦ እንጀራ ሰጣት፣ ጠግባም አተረፈች፤ እንጀራ በነፈገ ሕዝብ ልጅ ላይ የተወሰደው ብቀላ ይህ ነው። ቦዔዝ ራሱ በማቴዎስ ወንጌል የትውልድ ሐረግ መሠረት ከባዕዷ፣ ከኢያሪኮዋ ሴት ከረዓብ የተወለደ መሆኑ ለዚህ ልቡ ሳይረዳው አልቀረም። ከሩት ኢዮቤድ፣ ከኢዮቤድ እሴይ፣ ከእሴይ ዳዊት ተወለደ።

እኛ ኢትዮጵያውያንስ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የምንገኘው የት ነው? በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የሕንደኬን ጃንደረባ ታሪክ እንደ ክብራችን እንተርከዋለን፤ መብታችንም ነው። ሆኖም በዘዳግም 23 ጃንደረባም ወደ ጉባኤ እንዳይገባ ተከልክሎ እንደነበር፣ በኢሳይያስ 56 ደግሞ ለመጻተኛውና ለጃንደረባው በቤቱ ስፍራ እንደሚሰጣቸው ተስፋ እንደተነገረ ስናነብ፣ ያ ሹም በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ በደጅ የቆመ ሰው እንደነበረ እንረዳለን። ወደ እርሱ የተላከው ፊልጶስም ከሰማርያ የመጣ ነው። በቅዳሴ በምንጸልየው ጸሎተ አኰቴት እግዚአብሔርን የምናመሰግነው ስለ ሰወረን፣ ስለ ረዳን፣ ስለ ጠበቀን፣ ወደ እርሱ ስላቀረበንና ስለ ተቀበለን ነው፤ አቅርበው የተቀበሉት ሰው ደግሞ አስቀድሞ ሩቅ የነበረ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ለከተማ ዳር ነዋሪዎች ሩቅ ታሪክ ሊሆን አይገባም። ከወለቴ ተነሥተን በአየር ጤና በኩል ወደ መሃል ከተማ ስንገባ የምናገኘው ዘነበወርቅ፣ በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከሉ አለርት ሲቋቋም የአዲስ አበባ ዳር ነበር። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከየጠቅላይ ግዛቱ እየመጡ ይታከሙ ነበር፤ ከዳኑ በኋላም የትውልድ ቀያቸው ስላልተቀበላቸው ብዙዎቹ በአካባቢው ጎጆ ቀልሰው ቀሩ። ዛሬ በሽታው ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል፤ ከተማዋም ያንን ሰፈር አልፋ እኛ ዘንድ ደርሳለች። አሁን ዳር ያለነው እኛ ነን። በወለቴም ሆነ በዙሪያዋ፣ ከጥንት ጀምሮ መሬቱን ሲያርሱ ከኖሩት ገበሬዎች ቤተሰቦች በቀር፣ አብዛኞቻችን የኪራይ ውድነት ወይም የቤት ፍለጋ ያመጣን ሰዎች ነን። ከአሥር ዓመት በፊት የመጣው ትናንት የመጣውን «መጤ» ሲለው ስሰማ፣ ዘዳግም 26ን በየቤታችን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ያምረኛል።

ስለዚህ ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያት፣ ለጽዋ ማኅበራትና ለዕድሮች የማቀርበው ሐሳብ ከባድ አይደለም። የተረጂዎች መዝገብ ሲዘጋጅ የነዋሪነት መታወቂያ ግልባጭ ማቅረብ ግዴታ መሆኑ ይቅር፤ በወር ኪራይ በአንዲት ክፍል ተጠጋግተው የሚኖሩት፣ መታወቂያ ማውጣት ያልቻሉት፣ በኦሪቱ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ ከተጠሩት መካከል ናቸው። ማጭበርበር ይኖራል የሚል ስጋት እንዳለ አውቃለሁ፤ ሁለት ጊዜ የሚወስድ ሰው ሊገኝ ይችላል፤ የሁለት ከረጢት ዱቄት ኪሳራ ግን አንዲትን እናት ባዶ እጇን ከመመለስ ያነሰ ጉዳት ነው። መድረኩና ድምፅ ማጉያው ለተቀባዮቹ አይሰጥ፤ ምስጋና ማቅረብ ከተፈለገ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ወይም የዕድሩ ዳኛ ይውጡና፣ እግዚአብሔር በዓመቱ ውስጥ ለእነርሱ ያደረገላቸውን ይናገሩ። ከተቻለም ዱቄቱ በደጅ ከሚታደል በአዳራሹ ተጋግሮ፣ ሰጪና ተቀባይ ሳይለዩ አንድ ትሪ ከብበው ይብሉ። አያቶቻችን መሽቶበት ደጃቸው የቆመውን ሰው ከየት መጣህ ብለው ሳይመረምሩ፣ ቤት የእግዚአብሔር ነው ብለው ያሳድሩት ነበርና ይህ ለባህላችን እንግዳ አይደለም።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹም አንድ ልመና አለኝ። በየበዓሉ የምታወጧቸው የማዕድ ማጋራት ፎቶግራፎች ላይ የሚታየው ሁልጊዜ የተቀባዩ ፊት ነው፤ ስሙም ብዙ ጊዜ አብሮ ይታተማል። ከመጪው እንቁጣጣሽ ጀምሮ ያንን ፊት ከማተም እንድትቆጠቡ፣ ዘጋቢዎቻችሁም ስንት ኩንታል ታደለ ብለው ሲጠይቁ መዝገቡ መታወቂያ ለሌለው ሰው ክፍት ነበር ወይ ብለው አብረው እንዲጠይቁ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ መምህር፣ ከወለቴ